ታሪክ፣ ንግድና እምነት በአንድ ሣጥን

ሰኞ፣ 4

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ያለፈው በአራት ወር አለቀ፤ ድሮ አንድ ደብተር ዓመት ከመንፈቅ ይቆየኝ ነበር። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯን ምን ጉድ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ "አባባ፣ ያው መቶ ገጽ ነው" አለችኝ። መቶ ይሁን። መስመሩን ግን ቀለም እየቆጠቡ ስለሚያሰምሩት አይታይም፤ እኔም አንዱን እየዘለልኩ እጽፋለሁ። ደብተር ሠሪዎች ሌቦች ናቸው። ደግሞስ "አባባ" ምን ማለት ነው? ገና ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው።

ማተሚያ ቤታችን ትልቅ ሥራ ያዘ። አንድ ማኅበር ለስድስት መቶ አባላቱ የሚያድለው ሦስት መጽሐፍ ነው። አንዱ የመንገድና የድልድይ ታሪክ፣ ሁለተኛው ስለ ሱቅና ስለ ደንበኛ አያያዝ፣ ሦስተኛው ስለ እምነትና ስለ ትዕግሥት። ሦስቱም በአንድ ሣጥን ይገባሉ። እህትማማች እንዲመስሉ ተብሎ መጠናቸው፣ ወረቀታቸው፣ ፊደላቸው፣ የገጻቸው ብዛት ሳይቀር አንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ጋሼ ንስሩ፣ እርስዎ እያሉ ምን እንሆናለን!" አለኝ። እውነቱን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አራሚ ስሆን በእኔ ስህተት የተመለሰ መጽሐፍ የለም። ንስር ያሉኝ በከንቱ አይደለም።

ዓርብ፣ 8

ታሪኩን አንብቤ ጨረስኩ። ሁለት ቀን የሚበቃው ሥራ አምስት ቀን ፈጀ። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ አስቀየርኩት፤ የሚያመጡልኝ ሁሉ ጭል ጭል የሚል ነው። የገጽ አቀናባሪውም አለበት። በየገጹ አናት ላይ የመጽሐፉ ስም የሚጻፍበትን ራስጌ የጉንዳን እግር አሳክሎታል። "ይህን ማን ያነበዋል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሼ፣ የዛሬ አሥር ዓመትም ይኸው ነበር" አለኝ። የዛሬ ልጅ መልስ አያጣም።

ሐሙስ፣ 14

ቁርስ ላይ ባለቤቴ የስኳሩንና የጨውን ብልቃጥ ቦታ አቀያይራ ሻይዬን በጨው ጠጣሁት። "አልነካሁትም" አለች። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ብልቃጥ መንካቷን ትክዳለች! ደግሞ ሰሞኑን ጋዜጣውን ከእጄ ቀምታ ጮክ ብላ ማንበብ ለምዳለች። ድምፄን ላፍታታ ነው ትላለች። እኔም ተውኳት፤ ድምፅዋ መጥፎ አይደለም።

ንግዱን እያረምኩ ነው። ደንበኛ ሲያማርር አትከራከረው ይላል።

ማክሰኞ፣ 19

ከሙጫው ጋር ተጣላሁ።

ሙጫው ዋናው ጠራዣችን ነው። ሙጫ ሙጫ ስለሚሸት ብቻ ሳይሆን ወሬ ከያዘ ስለማይለቅም ነው ስሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳችንን አብረን በልተናል። መጽሐፍ ከመጠረዙ በፊት እጥፋቶቹን፣ ማለት እየታጠፉ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ የሚሆኑትን ወረቀቶች፣ በተራ ደርድሮ አንድ ናሙና ያመጣልኛል። እኔ እያገላበጥኩ የየገጹን ራስጌ አያለሁ፤ ልክ ከሆነ "ይጠረዝ" ብዬ እፈርምና ናሙናውን መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ከፊርማዬ በኋላ ጥያቄ የለም።

ታዲያ ይሄ ሰው ከዓመት ወዲህ አንድ አመል አምጥቷል። ናሙናውን እሱ ራሱ እየገለጠ ራስጌውን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። "የድልድይ ታሪክ፣ ገጽ አርባ፤ የድልድይ ታሪክ፣ ገጽ አርባ ሁለት…" ልክ ፊደል እንደሚያስቆጥረኝ! ዛሬ የታሪኩን ናሙና ይዞ ሲመጣ ወረቀት አጣፊዎቹ ሴቶች በር ላይ ቆመው ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ደሜ ፈላ። "ስማ፣ ሁለተኛ ፊቴ እንዳታነብ። ዓይን አለኝ" አልኩት። ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ገቡ። ሙጫው ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ አያምርበትም።

ትንሽ አብዝቼው ይሆን? ነገ ምሳ እጋብዘዋለሁ።

ሰኞ፣ 25

ችኮላ። ዝናብ ጣሪያውን አልፎ ጥረዛ ክፍል ገባ። ባልዲ፣ ሸራ፣ ጩኸት። የንግዱንና የእምነቱን ክምር ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተሻሙ አዛወሩ። ማኅበሩ ነገ ወዲያ ሣጥኑን ይፈልጋል። ሙጫው እስከ ጉልበቱ ርሶ ሁለቱንም ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። "ላንብብልህ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ባልዲህን ያዝ" አልኩት። ሄደ።

በሩብ ሰዓት ሁለቱንም ፈረምኩ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። በየእጥፋቱ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ምልክት አለች፤ እጥፋቶቹ በተራቸው ሲደረደሩ ምልክቶቹ ደረጃ ይሠራሉ። ደረጃውን በጣቴ ጭምር ነው የማየው። ልክ ነው።

ረቡዕ፣ 27

ስድስት መቶ ሣጥን ሄደ! ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ሻይ አስፈላ። ሙጫው ጥግ ይዞ፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለ። ሟርተኛ። ምሳ ልጋብዘው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ሐሙስ፣ 5

አዲሱ ወር በስልክ ገባ። ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ደውለው ሥራ አስኪያጁን አገኙት። እሱ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ልጄ፣ ስለ ትዕግሥት የሚለውን መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ነፍስ በመከራ ጊዜ ወደ ፈጣሪዋ ዘወር ትላለች ይልና፣ ገጹን ስገልጠው ዕቃውን ለመመለስ ከመጣች ደረሰኝ ጠይቃት ይላል። ማንን ነው የምጠይቀው? ነፍሴን?"

የሳቅነው ሳቅ! ወረቀት አጣፊዎቹ ወለል ላይ ተቀመጡ። እኔም ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ቀጥሎ ሁለተኛው ስልክ መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። የእምነቱ ሰባተኛ እጥፋት ንግዱ ውስጥ፣ የንግዱ ሰባተኛ እምነቱ ውስጥ ገብቷል። ሱቅ ሊከፍት የፈለገ ሰው "ያለህን ሁሉ ስጥና ተከተል" የሚል ምክር ደርሶታል። መጻሕፍቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የአንዱ ሰባተኛ በሌላው ሰባተኛ ቦታ ሲገባ ደረጃው አይሰበርም። ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው የለም። ልዩነቱ የሚታወቀው በራስጌው ብቻ ነው።

ሳቁ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ።

ዓርብ፣ 6

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሏል። ማኅበሩ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል፤ አጥፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይፈልጋል። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ የፈረሙበት ናሙና ልክ ነበር አይደል?" አለኝ። የጠየቀኝ ለወጉ ነው፤ መልሱን እሱ ቀድሞ ያውቀዋል።

"ልክ ነበር" አልኩ።

ምን ልበል? ልክ ባይሆን እፈርም ነበር? ሃያ ስድስት ዓመት!

"እንግዲያው ክምሩ የተዛባው ከፊርማው በኋላ ነው" አለና ወደ ሙጫው ዞረ። ሙጫው አየኝ። ረጅም አየኝ። "ደረጃው ልክ ነበር" አለ። ናሙናው ይምጣና ይታይ አላለም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ጣሪያውን በጩኸት አነሳው ነበር። ምናልባት ጥፋቱን ያውቀዋል።

እስከ አሥራ ስድስት ድረስ ቤቱ እንዲቆይ ተነገረው። ያን ቀን ውሳኔ ይሰጣል። ውሳኔው ምን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ሰኞ፣ 9

ናሙናውን ገና አላየሁትም። ሥራ በዛ። መሳቢያውም ቁልፉ ያስቸግራል።

ምሳ ብቻዬን በላሁ። ወረቀት አጣፊዎቹ አጠገብ ሳልፍ አንዷ፣ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለች። ማንን እንደምትል አልገባኝም። ሳልጠይቅ አለፍኩ።

ሌላ ስልክ መጣ፤ አንዲት እናት። መጽሐፉን እንመልስልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ትዕግሥቱ መሃል የገባውን የደንበኛ አያያዝ ለልጃቸው ሚስት እየተጠቀሙበት ነው አሉ። "ስታማርር ፈገግ እላለሁ፤ ሠርቶልኛል" አሉ። ለሙጫው ብነግረው እንዴት ይስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ 11

ማታ እራት ላይ ባለቤቴ፣ "የሙጫው ነገር እንዴት ሆነ?" አለችኝ። ነገርኳት። "አንተ ግን ናሙናውን በደንብ አይተኸዋል?" አለችኝ።

"አይቻለሁ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

ስንት ሺህ ጊዜ የማልኩት መሐላ ነው። ዛሬ ግን ከአፌ ሲወጣ ቃሉን ራሴ ሰማሁት። እሷ ሳህኖቹን አነሳች። ውኃው ሲፈስ ብዙ ቆየ፤ ሁለት ሳህን ብቻ ነበር የምታጥበው።

ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። ብዙ ሰው ይለዋል። እኔ ያንን ሥራ ባጣ ምን እሆናለሁ? ሙጫው እጅ አለው፤ የትም ይጠርዛል። እኔ ያለኝ ዓይን ብቻ ነው።

ይህችን መስመር ልሰርዛት ነበር። አራሚ ግን የራሱን አይሰርዝም።

ቅዳሜ፣ 14

ናሙናውን ትናንት በቦርሳዬ ቤት አመጣሁት። "ላርመው" ብዬ ነው፤ ከቦርሳው ግን አላወጣሁትም። ዛሬ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባለቤቴ ቦርሳውን ይዛ መጣች። ሳትጠይቀኝ መጽሐፉን አወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ድምፄን ላፍታታ" አለች።

የእምነቱ መጽሐፍ ናሙና ነበር፤ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፤ ስለ ትዕግሥት ስታነብ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ስድስቱን እጥፋት እያለፈች ከየቦታው ጥቂት ጥቂት አነበበች። ሰባተኛው ሊጀምር ደረሰች። "ነፍስ በመከራ ጊዜ ወደ ፈጣሪዋ ዘወር ትላለች" አለችና ገጹን ገለጠች። ቆመች።

"አንብቢው" አልኳት።

"ዕቃውን ለመመለስ ከመጣች ደረሰኝ ጠይቃት።"

የመጨረሻው ገጽ ላይ "ይጠረዝ" ብሎ የፈረመው እኔ ነኝ። ፊርማዬ ትልቅ ነው፤ እሱን አይቼዋለሁ።

ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣም። አለቀስኩ፤ ይጻፍ፣ አለቀስኩ። ባለቤቴ መጽሐፉን ዘጋችና እጄን ያዘች። "ብልቃጡን አልነካሁትም" አለች። "ከዓመት በፊት ነው ያወቅሁት። እስክትነግረኝ ስጠብቅ ጋዜጣ አንባቢ ሆኜ ቀረሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ አምፖል ታስቀይራለህ።"

ሰኞ፣ 16

ዛሬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዝም ማለት እችል ነበር። መንገዱን ሙሉ ያንን ሳስብ ነው የሄድኩት። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በሩ ላይ ደርሼ እንኳ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ገብቼ ናሙናውን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። "ሰባተኛውን እጥፋት ግለጠው። ፊርማዬን ደግሞ መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ። ሙጫው ያመጣልኝ ክምሩ ከተዛባ በኋላ ነው፤ ያንን መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። አልያዝኩትም። ልክ ነበር ያልኩህ ደግሞ ሳላየው ነው" አልኩት።

ገለጠው። መጨረሻውንም አየ። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ ሰው ይደክማል፣ ችኮላ ነበር…" ማለት ጀመረ። መውጫ እየፈለገልኝ ነው።

"ችኮላ አይደለም። አላይም።"

"እንዴት አያዩም? ለምሳሌ ይህን ግድግዳው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።"

ቀለል ያለ ጥያቄ። ከጀርባው የተሰቀለውን እኔው ነኝ ያረምኩት። "ያለ ፊርማ የሚጠረዝ መጽሐፍ የለም" አልኩት፣ በኩራት።

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ ግድግዳውን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። ድምፁ ወረደ። "ጋሼ፣ እሱ ከተነሳ ሁለት ወር አለፈው። ይሄ የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር ነው።"

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ አሳሳቃችን ግን የዚያ ቀን ዓይነት አልነበረም። ለማኅበሩ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። አጥፊው አራሚው ነው ይላል። እሱ ጻፈ፣ እኔ በቃል አረምኩ። ዓይኔን ሳልታይ ወደ ወንበሬ እንዳልመለስ ነገረኝ፤ ከታየሁ በኋላም ስለ ወንበሩ ቃል አልገባልኝም።

ማክሰኞ፣ 17

የሙጫው ቤት ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ የጎረቤት ልጆችን የተቀዳደደ ደብተር እየሰፋ ነበር። እጁ ሥራ ሳይዝ አያውቅም። ከሥራ አስኪያጁ ተደውሎለታል፤ ነገ ይመለሳል።

"ይቅር በለኝ" አልኩት። ይህን ቃል በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ቀጥዬለት ነበር፤ ስደርስ ይኸው ብቻ ቀረ።

"ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

"ናሙናው ይታይ ብትል ኖሮ በአንድ ደቂቃ ነጻ ትወጣ ነበር። ለምን አላልክም?"

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "አንተ ትለዋለህ ብዬ ነዋ።"

"ባልለውስ?"

"ብለኸዋል እኮ። ትንሽ አዘገየኸው እንጂ።" መርፌውን ልብሱ ላይ ሰካ። "ስማ፣ አንተ ሰውዬ። ዓመት ሙሉ ራስጌውን ጮክ ብዬ ሳነብልህ ምን መስሎህ ነበር? ድምፄን ወድጄው?"

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ይህ ሰው ዓመት ሙሉ በአፉ ሲያይልኝ ኖሯል፤ እኔ ሴቶች ፊት አፉን አዘጋሁት፤ አፉ በተዘጋ በመጀመሪያው ሥራ ጉድ ፈላ። ይህን ነገርኩት። "በዚያች ቀን እንኳ ባልዲውን ጥዬ ላንብብልህ ብዬሃለሁ" አለኝ። "ብለኸኛል" አልኩት። መጽሐፉን አልመልስም ስላሉት እናት ነገርኩት። ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ።

ሐሙስ፣ 26

ቀኝ ዓይን ተሠራ። የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሟ፣ "በጣም በስሏል፣ ምን ይጠብቁ ነበር?" አለች። አምፖል አልኳት። ባለቤቴ ናት ይህን የምትጽፈው፤ እኔ እነግራታለሁ። ያልኩትን ሁሉ እየጻፈች እንደሆነ ግን እንጃ። (እየጻፍኩ ነው።)

ዓርብ፣ 4

ፋሻው ከተነሳ ቆየ። ሐኪሟ ትንሽ ትንሽ ያንብቡ ብላለች።

መጀመሪያ ያየሁት ባለቤቴን ነው። ሽበት አብቅላለች። መቼ? አልጠየቅኳትም፤ ያምርባታል አልኳት እንጂ። ጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር አለ። ሸሚዜ ሰማያዊ ነው የምለው ግራጫ ኖሯል።

ከዚያ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ምነው ባልገለጥኩት! አንዱ ፊደል የአውራ ጣቴን ያህላል። በአንድ ገጽ ስድስት መስመር፤ አንዳንዱ ላይ አምስት። መስመሮቹ ደግሞ ቁልጭ ያሉ ናቸው፤ እኔ በላያቸው ላይ እንደ ሰከረ ሰው ስሄድባቸው ኖሬያለሁ። ደብተር ሠሪዎቹን ሌባ ያልኩበትን ገጽ አነበብኩት። ከሰዓት መደብሯ ሄጄ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። "አባባ፣ ምን አጠፉና?" አለችኝ። አልነገርኳትም። አባባ መባሌን ግን ተቀበልኩ።

ይህን ገጽ ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት መስመር።

ሰኞ፣ 7

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ወር በሙከራ ብሎኛል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ በሙከራ! ይገባኛል። ከእኔ ፊርማ ጎን የሙጫው ፊርማም እንዲኖር አዟል። ማኅበሩ ውሉን አላፈረሰም፤ እጥፋቶቹን አስተካክለን እንድንመልስ ብቻ ጠየቀ። ከስድስት መቶው ሣጥን እስከ ዛሬ የተመለሰው ሦስት መቶ አሥር ነው። የቀረው ሰው በየቤቱ ምን እያነበበ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ።

ረፋዱ ላይ ሙጫው የተስተካከለውን የእምነቱን መጽሐፍ ናሙና አመጣ። ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁን አጣምሮ ቆመ። አፉ ግጥም። ወረቀት አጣፊዎቹ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ራስጌው ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። አቀናባሪው እንዳለው፣ ያው የድሮው ነው።

"አንብብልኝ እንጂ" አልኩት።

መጀመሪያ ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ሴቶቹን አየ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እየገለጠ ያነብልኝ ጀመር፤ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድ በአንድ። እኔም በዓይኔ ተከተልኩት። ገጽ ሰማንያ ስድስትን ዘለለና በጎን አየኝ።

ያዝኩት።